በኤሌክትሪክ ብስክሌትና በባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ላይ ደማቅ የፊት መብራት ስለ መግጠም

ይህ ጽሑፍ በሸርቆሌ ወረዳና በአካባቢው ለሚሠሩ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ነው። ዓላማውም በባትሪ በሚነዳ ብስክሌት ወይም ባለ ሦስት እግር ላይ ደማቅ መብራት ሲጨመር፣ ባትሪው ሳይጎዳ፣ ሽቦው እሳት ሳያስነሣና ከፊት የሚመጣው ሰው ዓይኑ ሳይጭበረበር ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ለማስረዳት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በባትሪ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች እየበረከቱ መጥተዋል። ሁለትና ሦስት እግር ያላቸውም ከአዲስ አበባ አልፈው በክልል ከተሞች ይታያሉ። እንደ ሸርቆሌ ባለ ቆላማ አገር የዚህ ተሽከርካሪ ጥቅም በይበልጥ የሚገለጠው በጨለማ ነው። በአሶሳ ዞን በሰፊው የሚመረተው ማንጎ በቀን ሐሩር ተጭኖ ከሚጓዝ ጎሕ ሳይቀድ ቢነሣ ገበያ የሚደርሰው ሳይበላሽ ነው። ምጥ የያዛት እናትም እስኪነጋ አትጠብቅም። ይሁን እንጂ ከፋብሪካ የሚመጣው የፊት መብራት ብዙ ጊዜ ለከተማ አስፋልት የታሰበ በመሆኑ፣ ከአሶሳ በሆሞሻ በኩል ወደ ሸርቆሌና ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ጉድጓዱንም ሆነ መንገድ ላይ የቆመውን አህያ በጊዜ አያሳይም። ስለዚህ ነጂዎች ከሞተር መለዋወጫ ሱቅ የኤልኢዲ ፓውዛ ገዝተው ይጨምራሉ። መጨመራቸው ተገቢ ነው፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከአገናኘቱ ነው።

የባትሪው ቮልትና የመብራቱ ቮልት

በሱቅ የሚገኘው አብዛኛው መብራት ለመኪናና ለሞተር ብስክሌት፣ ማለትም ለ12 ቮልት የተሠራ ነው። የተሽከርካሪው ባትሪ ግን 48፣ 60 ወይም 72 ቮልት ነው። ባትሪው የሊድ አሲድ ዓይነት ከሆነ ይህ ቮልት የሚገኘው ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች አራት፣ አምስት ወይም ስድስት ሆነው በተርታ፣ የአንዱ ፖዘቲቭ ከሚቀጥለው ኔጌቲቭ ጋር እየታሠረ ነው። ባለ 12 ቮልት መብራት በቀጥታ ከ60 ቮልት ጋር ቢገናኝ ወዲያው ይቃጠላል። አምስት መብራቶችን በተርታ አሥሮ 60ውን ቮልት ለአምስት ማካፈልም እንደ ብልሃት ሲነገር ይሰማል። ነገር ግን የኤልኢዲ መብራት በውስጡ የራሱ መቆጣጠሪያ ስላለው ቮልቱን እኩል አይካፈልም፤ አንዱ ብዙውን ይወስድና ይበላሻል፣ አንዱ ሲበላሽም ሁሉም ይጠፋሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው፣ መብራቱ በደንብ ስለሚበራ ስሕተትነቱ ስለማይታወቅ፣ ከአምስቱ ባትሪዎች ከአንደኛው ብቻ 12 ቮልት መውሰድ ነው። ነጂው የመጀመሪያውን ባትሪ ሁለት ጫፎች ይይዛል፣ መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሥራው ያለቀ ይመስላል። የሚሆነውን በቁጥር እንመልከት። እያንዳንዳቸው 20 ዋት የሆኑ ሁለት መብራቶች በአንድነት 40 ዋት ናቸው። 40 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 3.3 አምፔር ይሆናል። መብራቶቹ አራት ሰዓት ቢበሩ ያ አንድ ባትሪ ወደ 13 አምፔር ሰዓት ያህል ይሰጣል። ባትሪው ባለ 20 አምፔር ሰዓት ከሆነ ሲሶው ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው፤ ሞተሩ የወሰደውም ገና አልተቆጠረም። ሌሎቹ አራቱ ግን ለመብራቱ ምንም አላወጡም።

ተሽከርካሪው ሲነዳ ሞተሩ ከአምስቱም እኩል ስለሚስብ፣ የደከመው ባትሪ ከሌሎቹ ቀድሞ ያልቃል። ካለቀም በኋላ አራቱ ኃይላቸውን በእርሱ ውስጥ እየገፉ ስለሚያሳልፉ ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እስከ መገለባበጥ ይደርሳል። ማታ ቻርጀር ላይ ሲሰካ ደግሞ ቻርጀሩ የሚያየው የአምስቱን ድምር ቮልት ብቻ እንጂ የእያንዳንዱን አይደለም። ስለዚህ አራቱ ጤነኞች ከልክ በላይ ይሞላሉ፣ ይሞቃሉ፣ ውሃቸውንም ያጣሉ፤ አምስተኛው ሳይሞላ ይቀራል። ይህ በየምሽቱ ሲደጋገም ባትሪዎቹ በሙሉ ከጥቅም ውጪ ይሆናሉ። የሞተውን አንዱን ብቻ በአዲስ መተካትም አያዋጣም፤ አዲሱ ከአሮጌዎቹ ጋር እኩል አይሄድም። ባትሪ የተሽከርካሪው ውድ ክፍል በመሆኑ፣ ማኅበሩ በአንዲት ሽቦ ምክንያት የብዙ ወራት ቁጠባውን ሊያጣ ይችላል። የልማት ሠራተኛው የማኅበሩን ተሽከርካሪ ሲጎበኝ በመጀመሪያ ኮርቻውን አንሥቶ፣ ከባትሪዎቹ መካከል የወጣ ቀጭን ሽቦ እንዳለ ቢመለከት መልካም ነው።

የቮልት መቀነሻ

ትክክለኛው ዘዴ ከጠቅላላው ባትሪ ዳርና ዳር ቮልቱን ወስዶ፣ በቮልት መቀነሻ (ኮንቨርተር) ወደ 12 ዝቅ አድርጎ ለመብራቱ መስጠት ነው። እነዚያው 40 ዋት መብራቶች በመቀነሻው ውስጥ የሚባክነው ተጨምሮ ወደ 44 ዋት ይሆናሉ። ይህም ከ60 ቮልት ባትሪ 0.74 አምፔር ብቻ ነው። በአራት ሰዓት ከእያንዳንዱ ባትሪ የሚወጣው 3 አምፔር ሰዓት ያህል ሲሆን ሁሉም እኩል ያወጣሉ። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው በዚሁ ክልል፣ በጉባ ወረዳ ቢሆንም የመስመር መብራት በየቀበሌው ይገኛል ማለት አይደለም። ባትሪውን በፀሐይ ኃይል ለሚሞላ ማኅበር ይህ ቁጥር ትርጉም አለው።

መቀነሻ ሲገዛ በጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። 60 ቮልት የሚባለው የሊድ አሲድ ባትሪ በመሙላት ላይ ሳለ እስከ 73 ቮልት ስለሚደርስ፣ መቀነሻው ቢያንስ 80 ቮልት የሚችል ይሁን። ለ72 ቮልት ባትሪ ደግሞ ከ90 በላይ የሚችል ያስፈልጋል። የሚሰጠው አምፔር ከሚፈለገው እጥፍና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል፤ የገበያ ዕቃ ላይ የተጻፈን አምፔር ግማሹን ብቻ ማመን ይበጃል። አንዳንድ መብራት «ከ12 እስከ 80 ቮልት» ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ መቀነሻውን በውስጡ የያዘ ስለሆነ፣ የባትሪው ከፍተኛ ቮልት ከተጻፈው ካላለፈ በቀጥታ ሊታሠር ይችላል። የሊቲየም ባትሪ ያለው ብስክሌትም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ሣጥኑን ከፍቶ ከመካከል ቮልት ለመፈለግ መሞከር ግን እሳት መጥራት ነው።

አገናኘቱ

ከሥራው በፊት ቻርጀሩ ይነቀል፣ ቁልፉ ይጥፋ፣ ከኮርቻው ሥር ያለው የባትሪ ቫልቮላም ይውረድ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቅ፤ የመፍቻው እጀታም በናስትሮ ይጠቅለል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ቻርጅ እንደተደረገ ወዲያው መሥራት አይገባም። 60 ቮልት በእርጥብ እጅ ሲነካ ጉዳት እንደሚያደርስም መዘንጋት የለበትም።

ከጠቅላላው ባትሪ ፖዘቲቭ በሚወጣው ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ የ3 አምፔር ፊውዝ ይገባል። ፊውዙ ርቆ ከተቀመጠ ከእርሱ በፊት ያለው ሽቦ ተልጦ ብረት ቢነካ የሚያድነው የለም። እዚህ ላይ የመኪና ፊውዝ አይሆንም። የመኪና ፊውዝ የተሠራው ለ32 ቮልት ስለሆነ፣ በ60 ቮልት ቢቀልጥ እንኳ የእሳት ብልጭታው ክፍተቱን ዘሎ ሊቀጥል ይችላል። ለቀጥተኛ ኤሌክትሪክ 80 ወይም 100 ቮልት የሚል የተጻፈበት መፈለግ አለበት። ከመቀነሻው በኋላ ባለው የ12 ቮልት መስመር ላይ ግን የመኪና ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። ማብሪያ ማጥፊያውም በዚሁ በ12 ቮልት በኩል ይሁን፤ የቤት ግድግዳ ማብሪያ በ60 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ላይ ሲጠፋ እየፈነጠረ ይቃጠላል። መቀነሻው ሳይሠራም ጥቂት ስለሚስብ፣ የሚመገበው ቁልፍ ሲጠፋ አብሮ ከሚቋረጥ መስመር ቢሆን ተሽከርካሪው ለሳምንት ቢቆምም ባትሪው አይደክምም።

ሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ይሁን። የብስክሌቱን ብረት እንደ መመለሻ መስመር መጠቀም አይገባም፤ ፖዘቲቭም ኔጌቲቭም በየራሳቸው ሽቦ ይሂዱ። የሽቦዎቹ ቀለም ከፋብሪካ ፋብሪካ ስለሚለያይ በቀለም ብቻ መተማመን ያሳስታል። መብራቱ ከመታሠሩ በፊት የመቀነሻው መውጫ በቴስተር ተለክቶ 12 ቮልት ገደማ ማሳየቱ ይረጋገጥ። መቀነሻው ስለሚሞቅ በስፖንጅ ተጠቅልሎ ከኮርቻ ሥር አይቀመጥም፤ ነፋስ በሚያገኘው ብረት ላይ በብሎን ይጠበቅ።

ብርሃኑን ስለ ማነጣጠር

ደማቅ መብራት ወደ ላይ ከተነጣጠረ በእግር የሚመጣውን ሰው ያሳውራል፤ እርሱም መንገዱን ስቶ ወደ ተሽከርካሪው ሊገባ ይችላል። ተሽከርካሪው እንደ ዘወትሩ ጭነት ይዞ፣ በደልዳላ ቦታ፣ ከግድግዳ 5 ሜትር ርቆ ይቁም። መብራቱ ከመሬት 1 ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ የብርሃኑ መካከል ግድግዳው ላይ ከመብራቱ ከፍታ 25 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ማረፍ አለበት። ይህ ሲሆን ብርሃኑ መሬት የሚያገኘው 20 ሜትር ላይ ነው። ጭነት ከኋላ ሲበዛ የፊቱ ስለሚነሣ ባዶውን ማስተካከል ዋጋ የለውም።

20 ሜትር የሚያሳይ መብራት ፍጥነትንም ይወስናል። በጠጠር መንገድ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ አደጋ ካየበት ቅጽበት ጀምሮ 11 ሜትር ያህል ሄዶ ይቆማል፤ በ40 የሚሄደው ግን ከ30 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በዝቅተኛው መብራት በ40 መንዳት ያላዩት ነገር ላይ መውጣት ነው። ሁለተኛው መብራት ራቅ ብሎ እንዲያበራ ተነጣጥሮ በተለየ ማብሪያ ቢታሠርና ሰው በታየ ቁጥር ቢጠፋ ጥሩ ነው።

በአካባቢው ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ስለሚዘልቅ መጋጠሚያዎች ሁሉ በስታኞ ተበይደው በናስትሮ ይሸፈኑ። ወደ መቀነሻው የሚገባው ሽቦ ከመግቢያው በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ቢታጠፍ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይሄድም። ከመሪው ጋር የሚዞረው የሽቦ ክፍል ቶሎ ስለሚቆረጥ ትርፍ ርዝመት ይተውለት፤ ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላም መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተመለሰ ይፈተሽ።