የሚሰናበተው የሶፍትዌር ዕትምና የነጋዴው መዝገብ

ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ መርካቶ ባሉት የንግድ ቤቶች የዕቃ ገቢና ወጪ፣ የደንበኞች ስም ዝርዝርና የሽያጭ ሰነድ በኮምፒዩተር መያዝ ከጀመረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ከሚሠራባቸውም ሶፍትዌሮች ጥቂት የማይባሉት ዋጋ የማይከፈልባቸው፣ የአሠራራቸውም ጽሑፍ ማለት ኮዳቸው ለሁሉ ክፍት የሆነው፣ በልማድ ኦፕን ሶርስ የሚባሉት ናቸው። ለዓመታዊ ፈቃድ የውጭ ምንዛሪ ማውጣት ለሚከብደው አስመጪና ባለ ሱቅ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ይሁን እንጂ አዘጋጆቹ አሮጌውን ዕትም ለዘለዓለም ሲጠግኑ ሊኖሩ ስለማይችሉ፣ ቀን ቈርጠው ያሰናብቱታል።

ተሰናበተ ሲባል ሶፍትዌሩ በዚያ ቀን ሥራውን ያቆማል ማለት አይደለም። በማግስቱም ኮምፒዩተሩ ይከፈታል፤ ደረሰኙም ይታተማል። የሚቀረው ጥበቃው ነው። ዘበኛው የተሰናበተ መጋዘን በሩ እንደ ተቈለፈ ሊሰነብት ይችላል፤ ቍልፉ ሲሰበር ግን የሚያድሰው የለም። ከዚህም የሚብሰው፣ ለዐዲሱ ዕትም የሚወጣው ጥገና ለሁሉ በግልጽ ስለሚታይ፣ በአሮጌው ላይ ያልተደፈነው ቀዳዳ የት እንዳለ ለሌባው ጭምር መጠቈሙ ነው።

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የባለ 10፣ የባለ 50 እና የባለ 100 ብር ኖቶች እንዲለወጡ በተነገረ ጊዜ ሦስት ወር ተሰጥቶ ነበር፤ ሬዲዮውም ባንኩም ደጋግሞ ስላሳሰበ ነጋዴው ሁሉ ቀኑን ዐወቀው። የብሩ ለውጥ ገና ሳያልቅ፣ ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌላ ማስታወቂያ ወጣ፤ ይህንኛውን ግን ከባለሙያዎች በቀር ልብ ያለው ጥቂት ነው። ሴንቶስ በመላው ዓለም እጅግ ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩበት የሊኑክስ ዐይነት ነው። 8ኛው ዕትሙ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. እንደሚጠበቅ ተነግሮለት ሳለ፣ ፕሮጀክቱና ደጋፊው ሬድ ሃት ኩባንያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ዓ.ም. እንዲያበቃ ወሰኑ። አሮጌው 7ኛው ዕትም ግን ቀጠሮውን ጠብቆ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ተሰናበተ። ከዚያ በኋላ የጥገናው ማከማቻ ወደ ቤተ መዛግብት ስለ ተዛወረ፣ ሰርቨሩ እንደ ድሮው ዕድሳት ሲጠይቅ የሚመለስለት የስሕተት መልእክት ሆነ። ክፍያ ስለሌለ ውል የለም፤ ውል ስለሌለም ቀኑ መድረሱን ደውሎ የሚነግር ሰው የለም።

በዚሁ ታሪክ የክፍቱ ኮድ በጎነትም ታይቷል። ባለቤቱ የተወውን ሌላው ለማንሣት የሚከለክለው ስላልነበረ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በጥቂት ወራት ውስጥ አልማ ሊኑክስና ሮኪ ሊኑክስ የሚባሉ ሁለት ምትኮች ያለ ዋጋ ቀረቡ። ሮኪን የጀመረው ሴንቶስን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነው።

ለንግድ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው የኦዱ ነገር ነው። ይህ የዕቃ ክምችትንና ሒሳብን የሚይዝ የቤልጅግ ሶፍትዌር በየዓመቱ አንድ ዐዲስ ዋና ዕትም ያወጣል፤ የሚጠበቁትም የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ብቻ ናቸው። ነጻውን ዕትም የሚጠቀም ሰው መረጃውን ወደ ዐዲሱ ሲያሻግር በልማድ አንዱን ዕትም ዘሎ አይሄድም፤ ደረጃውን አንድ በአንድ ይወጣል። እንግዲህ አምስት ዓመት የቈየ ሰው አምስት ጊዜ ይወጣል ማለት ነው። ከ10ኛው ወደ 11ኛው ሲታለፍማ ሶፍትዌሩ የተጻፈበት ፓይተን የሚባለው ቋንቋ ራሱ ከ2ኛው ዕትም ወደ 3ኛው ስለ ተለወጠ፣ በአገር ውስጥ ባለሙያ የተጨመሩት ቅጾች ሁሉ እንደ ገና መታየት ነበረባቸው። ሶፍትዌሩ በነጻ ቢገኝም የባለሙያው ድካም በነጻ አይገኝም፤ በየዓመቱ ጥቂት መክፈል ተጠራቅሞ ከመክፈል ይቀላል።

የስንብቱ ቀን የሚቈረጠው በጎርጎርዮስ ቀመር መሆኑንም ማሰብ ያስፈልጋል። የታኅሣሡ ቀን የዋለው ለገና ሰባት ቀን ሲቀረው፣ ሱቅ በገበያተኛ በሚሞላበት ሰሞን ነበር። የሰኔውም የዋለው የበጀት ዓመቱ መዝገብ ሊዘጋ ሰባት ቀን ሲቀረው ነበር። በእንዲህ ያለ ሳምንት መዝገብ ከቤት ወደ ቤት ማጋዝ የሚመከር አይደለም። ለእኛ የተሻለ የሚመስለን፣ ቀኑ ከታወቀ ዘንድ ሥራውን በየካቲትና በመጋቢት መጨረስ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚፈልገው ግን የአማርኛው ጽሑፍ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት አማርኛ ይጻፍ የነበረው፣ እያንዳንዱ የፊደል አዘጋጅ በመሰለው መንገድ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ባስቀመጣቸው ቅርጾች ነው። የድሮው ፊደል በተጫነበት ማሽን ላይ በሚገባ የሚነበበው የደንበኛ ስም ወደ ዐዲሱ ሲሻገር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝብርቅ ይሆናል። ስለዚህ ልወጣው መደረግ ያለበት አሮጌው ማሽን ገና ቆሞ ሳለ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ እያስተያዩ ነው። ከተሻገረም በኋላ ሕጉ መዛግብት ለዓመታት እንዲጠበቁ ስለሚያዝ፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተለይቶ ለማንበቢያ ብቻ ቢቀመጥ መልካም ነው፤ በእርሱ ላይ ዐዲስ ሽያጭ መመዝገብ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መቆም አለበት።