ዚፕ ብረት ነው ወይስ ጨርቅ? የ“አክሰሰሪ” ቀረጥ በምን ይወሰናል

አንድ የልብስ ስፌት ድርጅት ከቻይና ዕቃ አዘዘ እንበል። በካርቶኖቹ ውስጥ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክ፣ ዘለበት፣ ሌብል፣ ዳንቴልና ለሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ የሚሆን ወርቃማ ክር አለ። ሻጩ ኢንቮይሱ ላይ ያሰፈረው በአንድ መስመር “የልብስ አክሰሰሪ” ብሎ ነው። ትራንዚተሩም ይህንኑ ተከትሎ ዲክላራሲዮኑን በአንድ የታሪፍ ቁጥር ሞላው። ዕቃው ተከፍቶ ሲፈተሽ ክርክር ይነሳል። አስመጪው “ሁሉም የስፌት ዕቃ ነው” ይላል። ፈታሹ ደግሞ “ሰባት ዓይነት ዕቃ ነው፤ ሰባት ቁጥር ያስፈልገዋል” ይላል።

በዚህ ክርክር ትክክለኛው ፈታሹ ነው። ለምን እንደሆነ መረዳት ደግሞ ለአስመጪው፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም ሆነ ለትራንዚተሩ ገንዘብ ነው። ለስሌት ያህል የዕቃው ዋጋ ከኢንሹራንስና ከማጓጓዣ ጋር 1 ሚሊዮን ብር ይሁን። የጉምሩክ ቀረጡ 10 በመቶ ከሆነ 100 ሺሕ ብር ነው። በዚህ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 165 ሺሕ ብር፣ ዕቃው ሱር ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ ደግሞ 10 በመቶው 126 ሺሕ 500 ብር ይመጣል። ሌሎች ክፍያዎችን ትተን ድምሩ 391 ሺሕ 500 ብር ይሆናል። ያው ዕቃ 30 በመቶ ቀረጥ ወደሚከፈልበት ቁጥር ቢዛወር ድምሩ 644 ሺሕ 500 ብር ይደርሳል። የቀረጡ ልዩነት 200 ሺሕ ብር ሆኖ ሳለ ከኪስ የሚወጣው ልዩነት 253 ሺሕ ብር የሆነው አንዱ ታክስ በሌላው ላይ እየተደራረበ ስለሚታሰብ ነው።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

ኢትዮጵያ የምትጠቀምበት የታሪፍ መጽሐፍ መሠረቱ ሐርሞናይዝድ ሲስተም፣ በተለምዶ ኤችኤስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዕቃዎች አመዳደብ ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1983 ብራሰልስ ላይ ተፈርሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1988 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። የሚያስተዳድረው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ በየጊዜውም ይከለሳል። የመጨረሻው እትም እ.ኤ.አ. የ2022 ነው፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. ከ2028 መጀመሪያ አንስቶ ይጸናል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች ሥርዓቱን ለሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አኃዞችና የቀረጡን መጠን የሚወስነው እያንዳንዱ አገር ነው። ስለዚህ የሻንጋዩ ላኪ የሰጠው ቁጥር እስከ ስድስተኛው አኃዝ ድረስ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ላኪው ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱ ከአስመጪው አይወርድም።

ቅድሚያ ለስም፣ ቀጥሎ ለባሕርይ

ብዙ ሰው ከተለያየ ነገር የተሠራ ዕቃ ሲያጋጥመው መጀመሪያ የሚጠይቀው “የሚበዛው የትኛው ነው?” ብሎ ነው። የኤችኤስ ጠቅላላ የትርጓሜ ደንቦች ግን የሚጀምሩት ከዚህ አይደለም። ስድስት ደንቦች ያሉ ሲሆን በቅደም ተከተል ነው የሚሠራባቸው። አንደኛው ደንብ፣ ምደባው የሚወሰነው በታሪፍ ቁጥሩ ቃላትና በየክፍሉና በየምዕራፉ ማስታወሻዎች እንደሆነ ይደነግጋል። ዕቃው በስሙ ተጠርቶ ከሆነ የምን ያህል መቶኛ ክርክር አያስፈልግም።

ዚፕ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግራና ቀኙ ጨርቅ፣ ጥርሱ ብረት ወይም ፕላስቲክ፣ መሳቢያው ብረት ነው። ታሪፉ ግን 9607 ላይ ዚፕን በስሙ ይጠራዋል። የጨርቃ ጨርቅ ክፍል ማስታወሻም በምዕራፍ 96 የተጠቀሱ ዕቃዎችን ከክልሉ ያስወጣል። ስለዚህ ዚፕ ጨርቅም ብረትም ሳይሆን ዚፕ ነው። የተሠራበት ነገር የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥርሱ ብረት ከሆነ 9607.11፣ ካልሆነ 9607.19 ይሆናል።

ቁልፍም እንዲሁ 9606 ላይ በስሙ ተጠርቷል። በመጫን የሚገጥመው 9606.10 ነው። ጨርቅ ያልለበሰ የፕላስቲክ ቁልፍ 9606.21፣ ጨርቅ ያልለበሰ የተራ ብረት ቁልፍ 9606.22 ነው። ያው የፕላስቲክ ቁልፍ ጨርቅ ከለበሰ ግን ወደ 9606.29 ይሄዳል። ለዓይን ትንሽ የምትመስለው ሽፋን ቁጥሩን ቀየረችው ማለት ነው።

ላስቲክ ላይ ደግሞ የሚወስነው አሠራሩ ነው። ወርዱ ከ30 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና በሸማኔ ስልት የተሠራ፣ በክብደት 5 በመቶና ከዚያ በላይ የሚለጠጥ ክር ወይም ጎማ ያለው ጠባብ ጨርቅ 5806.20 ውስጥ ይገባል። በተመሳሳይ ወርድና መጠን በሹራብ ስልት የተሠራው 6002 ነው። ተጎንጉኖ የተሠራው ደግሞ ወደ 5808 ይሄዳል። ሦስቱም በሱቅ “ላስቲክ” ናቸው፤ ሳይለጠጡና በቅርብ ሳይታዩ መለየትም ያስቸግራል።

ሌብልም ቢሆን በሽመና የተሠራ የጨርቅ ሌብል 5807.10 ሲሆን፣ የወረቀቱ ሌብል 4821 ነው። ዶቃ ወይም የሚያብረቀርቅ ጌጥ በጨርቅ ላይ ተሰፍቶ ከሆነ በምዕራፍ 58 ማስታወሻ መሠረት እንደ ጥልፍ ተቆጥሮ 5810 ይሆናል። ማስታወሻው ስለ ተሰፋ ጌጥ የሚናገር በመሆኑ በሙጫ የተለጠፈ ጌጥ በዚያ በር አይገባም።

ወርቃማው ክር

በአገራችን ልብስ ሰሪዎች ዘንድ በብዛት የሚታወቀው ወርቃማና ብርማ ክር ለብቻው መነሳት አለበት። ክሩ ከብረት ጋር የተጣመረ ወይም በብረት የተለበጠ ከሆነ ታሪፉ 5605 ላይ ያስቀምጠዋል። የጨርቃ ጨርቅ ክፍል ማስታወሻ ደግሞ ከሌላ ክር ጋር ተቀላቅሎ ሲመዘን ክሩና ብረቱ ተነጣጥለው እንዳይታዩ ያዝዛል፤ የሁለቱ ክብደት ተደምሮ እንደ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ጥሬ ዕቃ ይቆጠራል። “ብረት አለበት” ብሎ ወደ ብረት ምዕራፎች መውሰድም፣ ብረቱን ቀንሶ ቀሪውን እንደ ተራ ፖሊስተር ክር ማስመዝገብም ስህተት ነው። በቀለም ብቻ ወርቅ የሚመስል ብረት አልባ ክር ግን 5605 አይደለም። ስለሆነም የአቅራቢው የይዘት መግለጫ ወሳኝ ነው።

ስም ሲታጣ

ዕቃው በስሙ ካልተጠራ ወይም ሁለት ቁጥሮች የየድርሻቸውን ከጠቀሱት ሦስተኛው ደንብ ይመጣል። የፕላስቲክ አካልና የብረት ምላስ ያለውን የቀበቶ ዘለበት እንውሰድ። የተራ ብረት ዘለበት 8308 ሲሆን፣ የፕላስቲኩ 3926 ሊሆን ይችላል። ሁለቱ በአንድ ዕቃ ሲገናኙ የሚጠየቀው “መሠረታዊ ባሕርይውን የሰጠው የትኛው ነው?” የሚል ነው። መመዘኛው ብዛት፣ ክብደት፣ ዋጋ ወይም ያ ክፍል ለዕቃው አገልግሎት ያለው ሚና ሊሆን ይችላል። ሚዛኑ በሁሉም ረገድ ተስተካክሎ መወሰን ካልተቻለ ከተወዳዳሪዎቹ ቁጥሮች በቅደም ተከተል የመጨረሻው፣ በዚህ ምሳሌ 8308 ይወሰዳል። እዚህ ላይ ሁለት ባለሙያዎች በቅን ልቦና ሊለያዩ ይችላሉ። አብዛኛው እውነተኛ ክርክርም የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሌላው የግራ መጋባት ምንጭ “አክሰሰሪ” የሚለው ቃል ራሱ ነው። በታሪፉ ቋንቋ የልብስ ማሟያ ማለት እንደ ሻርፕ፣ ጓንት፣ ክራቫትና ቀበቶ ያለ ተሠርቶ ያለቀ የሚለበስ ነገር ነው። የስፌት ድርጅቱ አክሰሰሪ የሚለው ግን ገና ልብስ ላይ የሚገባ ግብዓት ነው። ግብዓቱን ባለቀለት ዕቃ ስም ያስመዘገበ አስመጪ የማይገባውን ቀረጥ ሊከፍል ይችላል።

ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው መከላከያ ዕቃው ከመጫኑ በፊት የሚጻፈው ኢንቮይስ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ በየመስመሩ ይጻፍ። የተሠራበት ነገር በክብደት መቶኛ፣ አሠራሩ፣ ወርዱ፣ ሽፋኑና የሚውልበት ሥራ ይገለጽ። ናሙና አስቀድሞ ማስመጣትም ይጠቅማል። ምደባው አጠራጣሪ ሲሆን ዕቃው ከመግባቱ አስቀድሞ ጉምሩክን በጽሑፍ ጠይቆ ውሳኔ ማግኘት ወደብ ላይ ከመከራከር ይሻላል፤ ዕቃው ቆሞ ሲከራከሩ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራልና።

ልዩነቱ ካልተፈታ የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 ቅሬታ የሚቀርብበትን መንገድ ይከፍታል። ቅሬታው መጀመሪያ በራሱ በጉምሩክ ይታያል፤ ቀጥሎ ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይሄዳል። “የስፌት ዕቃ ነው” ብቻ ብሎ መከራከር ግን የትም አያደርስም። የሚያዋጣው የትኛው ደንብና የትኛው ማስታወሻ ለዕቃው እንደሚሠራ በናሙናና በይዘት መግለጫ ማሳየት ነው።

ዝቅተኛውን ቀረጥ ፈልጎ ቁጥር መምረጥም አያዛልቅም፤ ዕቃው ከወጣ በኋላ ሰነዱ በኦዲት ተመልሶ ሊታይ ይችላል። ያኔ ልብሱ ተሸጦ ዋጋው ተቆርጧል፤ ልዩነቱን ከደንበኛው መሰብሰብ አይቻልም። ለወጪ ንግድ የሚያመርቱና በአዋጅ ቁጥር 768/2004 የቀረጥ ማበረታቻ የሚጠቀሙ ድርጅቶችም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ከቀረጥ ነፃ የገባው ግብዓት ከተላከው ምርት ጋር መወራረድ አለበትና። “አክሰሰሪ” ተብሎ በጅምላ የገባ ዕቃ ሲወራረድ፣ ስንት ዚፕ ገብቶ ስንቱ ልብስ ላይ እንደዋለ ማስረዳት የሚከብደው ራሱ ባለንብረቱ ነው።