የቢሮ ስልክ ቁልፎችና መብራቶቻቸው

በቢሮ ስልክ ላይ ከቁጥሮቹ፣ ከኮከብና ከመሰላል ሌላ በጎን ወይም ከላይ የተደረደሩ ትንንሽ ቁልፎች አሉ። ከፋብሪካ ሲወጡ ብዙዎቹ የተወሰነ ሥራ የላቸውም። አንዱን ሒሳብ ክፍል መጥሪያ፣ ሌላውን የውጭ መስመር መያዣ፣ ሦስተኛውን ጥሪ ወደ ሌላ ስልክ ማሻገሪያ የሚያደርጋቸው ኋላ የሚሰጣቸው ትእዛዝ ነው፤ ይህም ቁልፉን ፕሮግራም ማድረግ ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን ስልኩ ከገባ ጀምሮ ማንም ሳይነካቸው ይኖራሉ። ሠራተኛው በየሰዓቱ የሚደውልበትን ቁጥር ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት እያየ ይመታል፤ አንድ ጊዜ ተጭኖት የሚገላገለው ቁልፍ ግን እጁ ሥር ነው።

የእነዚህ ቁልፎች መነሻ አሜሪካ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ዌስተርን ኤሌክትሪክ ይሠራው የነበረው ዋን ኤ ቱ የተባለ የቢሮ ስልክ ሥርዓት በብዛት የሚታወቀው ባለ ስድስት ቁልፍ በሆነው ስልኩ ነበር። አምስቱ እያንዳንዳቸው አንድ የስልክ መስመር ይይዛሉ፤ ስድስተኛው፣ ቀዩ፣ ተናጋሪውን መስመር ላይ ማቆያ ወይም ሆልድ ነው። ያኔ ፕሮግራም የሚባል ነገር የለም። የቁልፉን ሥራ የሚወስነው ከጀርባው የተያያዘው ሽቦ ስለሆነ ከስልኩ ወደ ግድግዳው የሚሄደው ወፍራም ኬብል 50 ሽቦ ይይዝ ነበር። አንድ ቁልፍ ለመቀየር ባለሙያ መጥቶ ሽቦ ያዛውራል።

ከዚያ ዘመን እስከ ዛሬ የዘለቀው ትልቁ ቅርስ መብራቱ ነው። የመስመሩ ቁልፍ ቀጥ ብሎ ከበራ መስመሩ ተይዟል። በደቂቃ 60 ጊዜ ብልጭ ድርግም ካለ አዲስ ጥሪ እየገባ ነው። በደቂቃ 120 ጊዜ ከተርገበገበ ሆልድ ላይ የሚጠብቅ ሰው አለ። ልምድ ያላት ጸሐፊ እጀታውን ሳታነሳ፣ ከምትጽፈው ወረቀት ላይ ዓይኗን ቀና አድርጋ ብቻ የአምስቱን መስመሮች ሁኔታ ታውቅ ነበር። ፍጥነቱና ቀለሙ ከአምራች አምራች ቢለያይም ዛሬም የቢሮ ስልኮች የሚናገሩት ይህንኑ የመብራት ቋንቋ ነው።

ኤሌክትሮኒክ ማዞሪያ ሲመጣ ሥራው ከሽቦ ወደ ማኅደረ ትውስታ ተሻገረ። አሁን ቁልፍ ሲጫኑ ስልኩ ለማዞሪያው ሳጥን የሚልከው አጭር መልእክት ነው፦ «በዚህ ስልክ ላይ ሰባተኛው ቁልፍ ተነካ»። የሰባተኛው ቁልፍ ትርጉም የተጻፈው ሳጥኑ ውስጥ ባለ ሠንጠረዥ ላይ ነው። ፕሮግራም ማድረግ ማለት እንግዲህ በዚያ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር መጻፍ ነው። ይህን የተረዳ ሰው ሌላውም ይገባዋል፦ እንዲህ ባሉ ሲስተሞች ስልኩ ተበላሽቶ በተመሳሳይ ስልክ ቢተካ ቁልፎቹ ሥራቸውን አይረሱም፤ ቀድሞውንም ትርጉሙ ያለው ስልኩ ውስጥ አልነበረምና።

አሠራሩን በቅርብ ለማየት የፓናሶኒክ ኬኤክስ ቲዲኤ ማዞሪያን መውሰድ ይቻላል። እጀታው እንደተቀመጠ፣ ሆልድ ላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር፣ ፕሮግራም የሚለው ቁልፍ ይጫናል። ቀጥሎ ሥራ የሚሰጠው ቁልፍ ይነካል። ለውስጥ ስልክ 1 ተመትቶ የውስጥ ቁጥሩ ይከተላል፤ ለምሳሌ ሒሳብ ክፍሉ 105 ከሆነ 1 እና 105 ማለት ነው። ለውጭ ቁጥር ደግሞ 2 ተመትቶ ቁጥሩ ይጻፋል። በመጨረሻ ማስቀመጫው ቁልፍ ይጫናል። ሁሉም ነገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ሰዎችን የሚያስቸግሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የውጭ መስመር ማውጫውን መርሳት ነው። ወደ ውጭ ለመደወል 9 የሚያስፈልግ ከሆነ ቁልፉ ላይ የሚቀመጠው ቁጥርም በ9 መጀመር አለበት፤ ማዞሪያው ሰው ይምታው ቁልፍ ይምታው አይለይም። ሁለተኛው የባሰ ነው፦ ለውጭ መስመር የተመደበን ቁልፍ ባዶ መስሎት ሌላ ሥራ የሚሰጥበት ሰው አለ። ያን ጊዜ የዚያ መስመር መብራት ከስልኩ ላይ ይጠፋል። መስመሩ ራሱ ደህና ሆኖ ሳለ «መስመሩ ሞቷል» ተብሎ ጠጋኝ ይጠራል።

በዚህ በኩል የካናዳው ኖርተል ያወጣው ኖርስታር የተሻለ አሳቢ ነበር። ፊቸር የሚለው ቁልፍና ኮከብ ተጭነው 1 ሲመታ የውጭ ቁጥር፣ 2 ሲመታ የውስጥ ቁጥር፣ 3 ሲመታ የአገልግሎት ትእዛዝ ይቀመጣል። በ1 ወይም በ2 ፋንታ 0 ከተመታ ደግሞ ስልኩ ምንም ሳይለውጥ እያንዳንዱ ቁልፍ ምን እንደተሰጠው በመስኮቱ ላይ ያሳያል። ከመጻፍ በፊት ማንበብ የሚያስችል ይህን የመሰለ መንገድ ያለው ስልክ ሁሉ መጀመሪያ በእሱ መፈተሽ አለበት።

የቁልፉ ትልቁ ጥቅም ጣት ማሳረፉ አይደለም። ቁጥር ማሳጠር በሌላም መንገድ ይቻላል። መብራት ያለው ቁልፍ የሚሰጠው ዕውቀት ነው። ለምሳሌ ጥሪን ወደ ሌላ ስልክ ማሻገር በኮድም ይሆናል፤ ኮዱ ግን ከተመታ በኋላ ምልክቱ ዓይን ውስጥ ላይገባ ይችላል። ሠራተኛው ከምሳ ሲመለስ ማሻገሩን ይረሳዋል፤ ደንበኛው ሲደውል ጥሪው ባዶ ክፍል ውስጥ ይጮሃል። ያው አገልግሎት በቁልፍ ሲሆን መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ያስታውሳል። የውስጥ ስልክ ቁልፍም እንዲሁ ነው፦ 105 ሲያወራ ቁልፉ ቀይ ያበራል፣ ሲዘጋ ይጠፋል። የእንግዳ መቀበያዋ ሠራተኛ ደንበኛውን ወደተያዘ ስልክ ከመላክ ትድናለች።

ስለዚህ ድልድሉ እንደ ሰዉ ሥራ መሆን አለበት። የእንግዳ መቀበያው ስልክ ከሁሉ በፊት የውስጥ ስልኮቹን መብራት ይፈልጋል። ለሥራ አስኪያጅ ማሻገሪያና «አትረብሹኝ» ይበልጡበታል። የመጋዘን ሠራተኛ ሁለት ሦስት ቁልፍ ይበቃዋል። በሁሉም ጠረጴዛ ላይ አንድ ዓይነት ድልድል መገልበጥ ለጫኙ ይቀለዋል እንጂ ለሠራተኛው አይጠቅምም። መብራቱ ማን ስልክ ላይ እንደሆነ ለባልደረባ ሁሉ ስለሚያሳይም የማን መብራት በማን ስልክ ላይ ይታይ የሚለውን ሠራተኞቹን ጠይቆ መወሰን ተገቢ ነው።

ከቁልፉ ጎን ያለው የስም ወረቀት የሥራው አካል ነው፤ ቁልፉ ተቀይሮ ስሙ ካልተቀየረ ከባዶ ቁልፍ ይልቅ ያሳስታል። የተቀመጠ ቁጥርም ያረጃል። በኢትዮጵያ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ የስልክ ቁጥሮች ላይ አኃዝ ተጨምሮ የአዲስ አበባው መለያ ከ01 ወደ 011 ሲቀየር፣ በድሮው ቁጥር የተሞላ ቁልፍ ሁሉ እንደገና መጻፍ ነበረበት።

በኢንተርኔት መረብ የሚሠሩት የአይፒ ስልኮች ወረቀቱን በስክሪን ተክተውታል። እንደ «የሊንክ» ምርቶች ባሉት ላይ የስልኩ የመረብ አድራሻ በኮምፒውተር ብሮውዘር ይከፈትና ለእያንዳንዱ ቁልፍ ዓይነቱ፣ ቁጥሩና ስሙ ይሞላል። መብራቱ የሚበራበት መንገድም ተለውጧል፤ ስልኩ «የ105ን ሁኔታ አሳውቀኝ» ብሎ አገልጋዩ ኮምፒውተር ዘንድ ይመዘገባል፣ አገልጋዩም ለውጥ ባለ ቁጥር መልእክት ይልክለታል። 105 የሚባል ቁጥር አገልጋዩ ላይ ከሌለ ቁልፉ ምንም ያህል በትክክል ቢሞላ መብራቱ አይሠራም። ብዙ ድርጅቶች ደግሞ የስልኮቹን አሞላል ከአንድ ማዕከል ስለሚልኩ፣ ሠራተኛው በራሱ ስልክ ላይ የለወጠው ቁልፍ ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል። እንዲህ ባለ ቢሮ ለውጡ መግባት ያለበት ማዕከሉ ላይ፣ ሲስተሙን በሚያስተዳድረው ባለሙያ እጅ ነው።