በረዶው፥ እሳቱና ዐውሎው

በመጋቢት ወር የአሜሪካን ወሬ የሚከታተል ሰው ግራ ይገባዋል። በአንዱ ግዛት በረዶ መንገድ ዘጋ ይባላል፤ በዚያው ቀን በሌላው ሜዳው ነደደ፥ በሦስተኛው ዐውሎ ቤት ነቀለ ይባላል። አገሩ ሰፊ ስለ ሆነ በየስፍራው የየራሱ መከራ የደረሰ ይመስላል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንፈልገው ሦስቱም ብዙ ጊዜ የአንድ ዐውሎ ሥራ መሆናቸውን ነው።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ። በአገራችን በረዶ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጠጠር የሚወርደው ነው፤ እዚህ ላይ ግን እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚበነውንና በተራራ ላይ ተከምሮ የሚከርመውን ማለታችን ነው። ጸደይንም ብዙዎቻችን ከመስከረም አበባ ጋር እናያይዘዋለን እንጂ፥ በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር መጋቢት 26 ቀን ስለሚገባ ከአሜሪካኖቹ ጸደይ እምብዛም አይርቅም።

ከሰላማዊ ውቅያኖስ የሚነሣው ዐውሎ በመካከሉ የአየር ግፊቱ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፥ ከዙሪያው አየር እየሳበ ይጓዛል። እርጥቡ አየር የሮኪን ተራሮች ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱንም በረዶ አድርጎ ይጥላል። ይህስ በረከት ነው፤ 40 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚጠቀምበት የኮሎራዶ ወንዝ አብዛኛው ውሃ የሚቀልጠው ከዚህ በረዶ ነው። አየሩ ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ ግን ይሞቃል፥ ይደርቃልም። ከኒው ሜክሲኮ በረሃ በሚመጣው ነፋስ ተጠናክሮ የቴክሳስንና የኦክላሆማን ሜዳ ይመታል። በዚያን ጊዜ ሣሩ በብርዱ ወራት ደርቆ የቆመ ነው፤ አዲሱ ገና አልበቀለም። ሰደድ እሳት የሚያሰጋው ፀሐይ ስትበረታ ብቻ ይመስለን ይሆናል፤ የእሳት ማገዶ ግን ሙቀት ሳይሆን ደረቅ ሣር ነው። የእኛም የስሜን ተራሮች በ2011 ዓ.ም. የተቃጠሉት በመጋቢትና በሚያዝያ ነበር።

ወደ ምሥራቅ ደግሞ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሞቃትና እርጥብ አየር ወደ ሰሜን ይሳባል። ደረቁ አየር ከላይ ስለሚጫነው ለጊዜው ታፍኖ ይቆያል፤ መውጫ ሲያገኝ ግን ደመናው በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። የታችኛውና የላይኛው ነፋስ አቅጣጫቸውም ፍጥነታቸውም ስለሚለያይ ደመናው ራሱ መሽከርከር ይጀምራል። ቶርኔዶ የሚወለደው ከዚህ ነው።

መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ታየ። በኦክላሆማ ከ130 በላይ ቃጠሎ ተነሥቶ ከ400 የማያንሱ ቤቶችና ሕንፃዎች ጠፉ፤ በሚዙሪ ዐውሎው 12 ሰዎች ገደለ። በካንሳስ ደግሞ እሳትም ቶርኔዶም ሳይሆን አቧራ ነበር፤ ነፋሱ ያስነሣው አቧራ አውራ ጎዳናውን ጋርዶ 70 ያህል መኪናዎች ተጋጩና 8 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ የካቲት 18 ቀን 2016 ዓ.ም. በሰሜን ቴክሳስ የተነሣው ቃጠሎ ከ4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲበላ፥ በሦስተኛው ቀን በዚያው በተቃጠለው ምድር ላይ በረዶ ወረደበት!

ኖርማን በምትባል የኦክላሆማ ከተማ ያለው የዐውሎ ትንበያ ማዕከል የቶርኔዶውንም የቃጠሎውንም አደጋ አንድ ላይ የሚተነብየው ያለ ምክንያት አይደለም። ጋዜጦቹ ግን ነገሩን ከፋፍለው ያወራሉ፤ ሰውም ስለ ቶርኔዶ ሲጠነቀቅ አቧራውን ይረሳል።

በዳላስና በዴንቨር ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ ከእኛም መካከል ለትምህርት ወደዚያ የሚሄድ አይጠፋም። የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ ሲነገር መስኮት ወደሌለው የታችኛው ክፍል መግባት ነው። መኪና ሲነዱ አቧራ ከጋረደ ከመንገዱ ፈጽሞ ወጥቶ መቆም፥ መብራቱን ሁሉ ማጥፋት፥ እግርንም ከፍሬኑ ላይ ማንሣት ይገባል። መብራት ማጥፋቱ እንግዳ ይመስላል፤ ነገር ግን ከኋላ የሚመጣው ሰው የበራውን መብራት ሲያይ መንገዱ በዚያ ያለ መስሎት ተከትሎ መጥቶ ይገጫል።