«ሁሉም ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ ሲሰማ በየቤቱ ምን እንደተባለ መገመት አይከብድም፦ «አይዞህ፣ ሁሉም ለበጎ ነው»፣ «አይዞሽ፣ መከራ ሰውን ያጠነክራል»። ይህን የሚሉ ሰዎች ልባቸው ቀና ነው። ግን እስቲ እንጠይቅ፦ መከራ እውነት ሰውን ያሳድጋል?

ሪቻርድ ቴደስኪ እና ሎውረንስ ካልሁን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከባድ ነገር የደረሰባቸውን ሰዎች ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ብዙዎቹ ስለደረሰባቸው ጉዳት ብቻ ሳይሆን በበጎ ስለተለወጡበት ነገርም ይናገሩ ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን «ከጉዳት በኋላ የሚመጣ ዕድገት» ብለው ጠሩት። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለውጡን የሚለካ 21 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አሳተሙ። መጠይቁ የሚያየው አምስት ነገሮችን ነው፦ ከሰዎች ጋር ያለን ቅርበት፣ አዲስ የሕይወት አማራጭ፣ የራስ ጥንካሬ፣ መንፈሳዊ ለውጥ እና ለሕይወት የምንሰጠው ዋጋ።

ሁለቱ ሰዎች ሐሳባቸውን ያስረዱት በመሬት መንቀጥቀጥ ነው። እኔም ምህንድስና ስለተማርኩ ይሆናል፣ ይሄ ምሳሌ ይመቸኛል። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው ንዝረት አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ታስታውሱ ይሆናል። አሁን ልብ በሉ፤ መሬት ሲናወጥ ሕንፃ አይጠነክርም። ይሰነጠቃል፣ አንዳንዱም ይፈርሳል። በ1985 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ መሐንዲሶች ፍርስራሹን እየመረመሩ «ይሄኛው ለምን ወደቀ? ያኛውስ ለምን ቆመ?» ብለው ጠየቁ፤ የከተማዋ የሕንፃ ደንብም ተሻሻለ። ትምህርቱ የመጣው ከጥያቄው ነው።

ሰውም እንዲሁ ነው። «ጎበዝ ስለሆንኩ መንገዴ ክፍት ነው»፣ «ቤተሰቤ ሁሌም አብሮኝ አለ» ብለን የምናምናቸው ነገሮች የሕይወታችን ምሰሶዎች ናቸው። ውድቀት ወይም ሞት ሲመጣ ይናጋሉ። ዕድገት ካለ የሚመጣው «ታዲያ አሁን በምን ልቁም?» ብሎ ከመታገል ነው። ትግሉ ደግሞ ሐዘኑን አያጠፋውም። እያለቀሱም ማደግ ይቻላል።

ትግሉ ምን ይመስላል? መጀመሪያ ላይ ሐሳቡ ሳትጠሩት ይመጣል፤ ሌሊት ይቀሰቅሳችኋል፣ ክፍል ውስጥ ያፈዛችኋል። ይህ የተለመደ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ሆን ብሎ ማሰብ ይጀመራል፦ ምን ሆነ? ምን ቀረኝ? ከዕድገት ጋር ይበልጥ የሚያያዘው ይሄኛው ነው። በ1986 እ.ኤ.አ. ጄምስ ፔኔቤከር እና ሳንድራ ቢል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በቀን 15 ደቂቃ፣ ለአራት ተከታታይ ቀናት አጻፉ። ስለደረሰባቸው ከባድ ነገርም ስለተሰማቸው ስሜትም አንድ ላይ የጻፉት ልክ እንደጨረሱ ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱት ቀላል ርዕስ ከተሰጣቸው ያነሰ ጊዜ ነው።

አንድ ጥንቃቄ እዚህ ጋ ያስፈልጋል። «አድጌያለሁ» ማለትና ማደግ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ተማሪዎችን ከባድ ነገር ከመድረሱ በፊትም በኋላም ለክቶ ነበር፤ ተማሪዎቹ ተለወጥን ያሉትና የተለካው ለውጥ ብዙም አልተገናኙም። ስለዚህ ማንም «አሁንስ ጠነከርክ አይደል?» ብሎ ሊያስቸኩላችሁ አይገባም። የማያድግ ሰውም ደካማ ነው ማለት አይደለም።

እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከሁለት ሳምንት በላይ ከጠፋ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ለብቻ የሚታገሉት ነገር አይደለም። ለምታምኑት ሰው ዛሬውኑ ንገሩ፣ ወደ ሐኪምም ሂዱ። የተሰነጠቀን ሕንፃ ባለሙያ ሳያየው እንደማንገባበት ነው።

ጓደኛችሁ ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ ወይም ሰው ሞቶበት ቤት ተዘግቶ ከሆነ ደግሞ «ለበጎ ነው»ን ለጊዜው ተዉት። አጠገቡ ቁጭ በሉና «እስቲ ንገረኝ፣ ምን ተሰማህ?» በሉት። ከዚያ ሳታቋርጡ ስሙት።