ኪሎው 80 ሺህ ዶላር የሚጫንበት መስመር

በማንኛውም የጭነት መስመር ነጋዴ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ኪሎው በስንት ይጫናል?» ብሎ ነው። ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ለሚዞረው ዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያም ጥያቄው ያው ነው። መልሱ ግን ያስደነግጣል።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2008 ስንቅና ዕቃ በሰው አልባ መንኮራኩር እንዲያደርሱለት ከሁለት የግል ኩባንያዎች ጋር ውል ገባ። ስፔስኤክስ 12 ጉዞ በ1.6 ቢሊዮን ዶላር፣ ኦርቢታል ሳይንስስ 8 ጉዞ በ1.9 ቢሊዮን ዶላር። እያንዳንዳቸው በትንሹ 20 ቶን ማድረስ ነበረባቸው። ሒሳቡ ሲሠራ የአንደኛው ኪሎ 80 ሺህ፣ የሁለተኛው 95 ሺህ ዶላር ይመጣል። 20 ቶን ማለት 200 ኩንታል ነው፤ በጅቡቲ መንገድ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና በአንድ ጉዞ የሚያነሳው የዚህን እጥፍ ነው።

ታዲያ ናሳ ሁሉንም ለርካሹ ለምን አልሰጠም? የተወዳዳሪነት ወግ ብቻ አይደለም። የሰው ማመላለሻዎቹ መንኮራኩሮች በ2011 ሥራ ካቆሙ በኋላ፣ አንድ አጓጓዥ ብቻ ቢኖርና ቢሰናከል ጣቢያው ላይ ያሉት ሰዎች ስንቃቸውን እየቆጠሩ መውረድ ሊገደዱ ይችሉ ነበር።

የተፈራውም ደረሰ። ኦክቶበር 28 ቀን 2014 የኦርቢታል ሮኬት በቨርጂኒያ ከመሬት እንደተነሳ ፈነዳ። ኤፕሪል 28 ቀን 2015 የሩሲያው ፕሮግረስ ከመቆጣጠሪያ ውጭ ሆኖ ቀረ። ጁን 28 የስፔስኤክስ ሮኬት ከሁለት ደቂቃ በረራ በኋላ ተበታተነ። (ሦስቱም በ28ኛው ቀን መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው።) በስምንት ወር ሦስት አጓጓዦች፣ ሦስት ጭነት። ጣቢያው ግን አልተዘጋም፤ በመጋዘኑ ለወራት የሚበቃ ክምችት ነበረ፤ በጁላይ ሌላ ፕሮግረስ፣ በኦገስት የጃፓኑ ኮኖቶሪ ደረሱ። ኦርቢታልም የራሱ ሮኬት ስለታገደ ጭነቱን በዲሴምበር 2015 በሌላ ኩባንያ አትላስ 5 ሮኬት ላከ። ውሉ በጉዞ ቁርጥ ዋጋ ነበርና ጭንቀቱ የአጓጓዡ ነው።

እንግዲህ በእኔ ግምት ያ የ15 ሺህ ዶላር ልዩነት ኪሳራ ሳይሆን አረቦን ነው። ናሳም በጃንዋሪ 2016 ለሁለተኛው ዙር ውል ሦስት ኩባንያዎችን መረጠ።

የኪሎ ዋጋ ብቻውን ግን ያሳስታል። የመልስ ጭነት የሚባል ነገር አለ። የስፔስኤክሱ ድራጎን የምርምር ናሙና ይዞ ወደ ምድር በሰላም ይመለሳል። የኦርቢታሉ ሲግነስና ፕሮግረስ ግን የጣቢያውን ቆሻሻ ተሸክመው ይወርዱና አየር ውስጥ ይቃጠላሉ። መኪናውም አብሮ የሚነድበት ንግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚረክሰው አለመጫን ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ጣቢያው ላብና ሽንት ሳይቀር እያጣራ መልሶ የሚጠጣ ውሃ ያደርጋል፤ በ2023 ከውሃው 98 በመቶውን መልሶ ማግኘት መቻሉን ናሳ አስታውቋል።