«ጄ አር»ን በጆሮ ማንበብ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተጻፉት ከባድ የአሜሪካ ልብ ወለዶች የዊልያም ጋዲስን «ጄ አር» አስበልጬ እወዳለሁ። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመ፣ በማግስቱ ዓመት የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው።

726 ገጽ ነው፤ ምዕራፍ የለውም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ምልልስ ነው፤ «እገሌ እንዲህ አለ» የሚል ተራኪ ግን አታገኙም። ሌላ ሰው መናገር መጀመሩን የምታውቁት በአንዲት ጭረት ብቻ ነው። ብዙ አንባቢ መጽሐፉን የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው።

ታሪኩ ግን ግልጽ ነው። ጄ አር የ11 ዓመት ተማሪ ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ኒው ዮርክ ሄደው አንድ አክሲዮን ከገዙ በኋላ ገንዘብ እንዴት እንደሚሠራ ይገባዋል። በትምህርት ቤቱ የሕዝብ ስልክና በፖስታ ይነግዳል፤ ድምፁ እንዳያሳብቅበት የስልኩን መነጋገሪያ በመሀረብ ይሸፍናል። ከባሕር ኃይል የተረፈ የእንጨት ሹካ ገዝቶ ለምድር ጦር ይሸጣል፤ ኩባንያ በኩባንያ ላይ ይደርባል። ነጋዴዎቹ የሚሰሙት ድምፅ ብቻ ስለሆነ ከልጅ ጋር መዋዋላቸውን አያውቁም።

እኛንም ጋዲስ ያስቀመጠን እነሱ ቦታ ነው፦ ፊት አናይም፣ ድምፅ ብቻ እንሰማለን። የመጽሐፉ ክብደት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ ጉዳዩም ራሱ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ካልገባችሁ ወደ ኋላ አትመለሱ፤ ቀጥሉ። ጄ አር ይጣደፋል፣ ሐሳቡን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። ርእሰ መምህሩ ዋይትባክ የባንክ ፕሬዚዳንትም ስለሆነ ስለ ትምህርት ሲያወራ እንኳ ቢሮ ቢሮ ይላል፣ ይንተባተባል። ጋዲስ ለዓመታት ለትልልቅ ኩባንያዎች ሲጽፍ የኖረ ሰው ነውና ይህን አነጋገር አሳምሮ ያውቀዋል። ትንሽ ከታገሣችሁ እያንዳንዱን ሰው በአፉ ትለዩታላችሁ።

እኔን የሚነካኝ ኤድዋርድ ባስት ነው። ወጣት የሙዚቃ ደራሲ ነው፤ ኦፔራ ሊጽፍ ተነሥቶ፣ የጄ አር ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ሲባክን፣ ሕልሙ እያነሰ ሄዶ ለአንድ ቼሎ ብቻ የሚሆን ሥራ ላይ ይደርሳል። አንድ ጊዜ ልጁን የባኽን ሙዚቃ ሊያሰማው ይሞክራል፤ ልጁ ግን የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሁሉም ይናገራል፤ የሚያዳምጥ የለም። ለዚህ ነው ጋዲስ ማዳመጡን ለአንባቢው የተወው፤ ድካሙም የሚገባ ድካም ነው።